እርሳሱ በማን እጅ ነው? ሒሳብና ፊዚክስን ለአንድ ተማሪ ማስጠናት

«ነገ አንድ ልጅ ሒሳብ ላስጠና ነው፤ ከየት ልጀምር?» ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጠያቂው አንዳንዴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ አንዳንዴ ታላቅ እህት ወይም አባት። ትምህርቱን አያውቁትም ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ግራ የሚያጋባቸው አንዱ ተማሪ ጋ የሠራው ዘዴ ሌላው ጋ አልሠራ ማለቱ ነው።

ለየብቻ መመለሱ ስለከበደኝ እኔ የምሠራበትን መንገድ ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ለአንደኛ ደረጃ ልጅም፣ ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪም፣ ሥራ ይዞ ለሚማር ትልቅ ሰውም ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ካሬ መስመር ደብተር። እያንዳንዱ ቁጥር በየቤቱ ስለሚቀመጥ በመደመርና በመቀነስ ላይ የሚፈጠረው መዘበራረቅ ይቀንሳል። ግራፍም እዚያው ይሠራበታል።
- እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ መቀስና ጥቂት ባዶ ወረቀት።
- ቀለሙ ከእርሳሱ የተለየ አንድ እስክሪብቶ። ተማሪው ራሱን የሚያርምበት ነው፤ የእናንተ አይደለም።
- አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክር፣ እንደ ቁልፍ ወይም ብሎን ያለ ከበድ ያለ ትንሽ ነገር፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ።
- ካልኩሌተር፤ ግን ቦርሳ ውስጥ። የሚወጣው ተማሪው መልሱን በግምት ከተናገረ በኋላ ነው።
- የእናንተ የራሳችሁ ማስታወሻ ደብተር።

ላጲስ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ረስቼው አይደለም። የተፋቀ ስህተት ለእናንተ የጠፋ መረጃ ነው። ተማሪው ሲሳሳት በአንድ መስመር ሰርዞ ከሥሩ ይቀጥል።

አሠራሩ

1. ከመገናኘታችሁ በፊት የታረመ የፈተና ወረቀቱን ጠይቁ።

ውጤቱን ሳይሆን ወረቀቱን። 40 ከ100 የሚለው ቁጥር የሚነግራችሁ ነገር የለም። ስህተቶቹን አንድ በአንድ እዩና በሦስት ክፈሏቸው፤ ጭራሽ ያልተማረው፣ የሚያውቀው ግን በምልክት ወይም በማባዛት የተሳሳተው፣ ጥያቄው ራሱ ያልገባው። የሦስቱ መድኃኒት የተለያየ ነው። በምልክት የሚሳሳትን ልጅ ምዕራፉን እንደገና ብታስተምሩት ጊዜ ታባክናላችሁ፤ እሱም ይሰለቻል።

2. የመጀመሪያውን ቀን የላላውን ደረጃ ለመፈለግ ብቻ ተጠቀሙበት።

ተማሪው «እዚህ ጋ ነው ያልገባኝ» የሚላችሁ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ የተሰማበት ቦታ እንጂ የተጀመረበት አይደለም። ስለዚህ ከክፍሉ በታች ወርዳችሁ ጠይቁ። እኔ ሁሌም የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

- −3 − 5 ስንት ነው?
- ከ0.45 እና ከ0.5 የቱ ይበልጣል? (45 ከ5 ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ተማሪ አለ።)
- 1/2 + 1/3 ስንት ነው?
- 12 ለ1/2 ሲካፈል ስንት ነው?
- 8 + 4 = __ + 5፤ ባዶው ቦታ ላይ ምን ይገባል?
- ርቀት = ፍጥነት × ጊዜ ከሆነ፣ ጊዜ ከምን ጋር እኩል ነው?
- ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው?

አምስተኛውን በቀላሉ አትለፉት። መልሱ 7 ነው። 12 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የእኩል ምልክቱን «መልሱ ይኸውልህ» ብሎ ነው የሚያነበው እንጂ «ግራና ቀኙ እኩል ነው» ብሎ አይደለም። እንዲህ የሚያነብ ሰው ኢኩዌሽን ሲመጣበት መውጫ የለውም።

አንዲት ተማሪ 2ኤክስ + 6 = 14 ሰጥቻት 2ኤክስ = 20 ብላ ጻፈች። እንዴት እንደሠራችው ስጠይቃት «ስድስቱን አሻገርኩት» አለችኝ። ሲሻገር ምልክቱ እንደሚቀየር በቃሏ ታውቃለች፤ ያን ቀን ግን ረሳችው። ለምን እንደሚቀየር ስለማታውቅ ስህተቷን የምታይበት መንገድም አልነበራትም። ኤክስ 10 ነው ብላ መልሱን ወደ ቦታው ስትመልሰው 2 × 10 + 6 = 26 ሆነ። 14 መሆን ነበረበት። ከዚያ በኋላ «ማሻገር» የሚለውን ቃል ተውነው። «ከሁለቱም ወገን 6 ቀንሺ» ብቻ ሆነ። ኤክስም 4 ሆኖ አረፈ።

በዚህ ቀን አታርሙ። ለትክክለኛውም ለስህተቱም መልስ «እንዴት አገኘኸው?» ብቻ በሉ። ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ መንገድም ይገኛል። ደግሞም የምትጠይቁት ሲሳሳት ብቻ ከሆነ፣ ጥያቄያችሁን እንደሰማ ወዲያው መሰረዝ ይጀምራል።

3. ተማሪው ምን እንዳጋጠመው ለዩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንጣል። «እሱ በማየት ነው የሚማረው፣ እሷ በመስማት» የሚለውን ምደባ ተዉት። ተማሪን እንዲህ መድቦ በዚያው መንገድ ብቻ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም። ሥዕልም፣ ቃልም፣ ቁጥርም ለሁሉም ያስፈልጋል። የሚለያየው ችግሩ ነው።

ክፍተት ያለበት ተማሪ። ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው፤ ግን ሙሉውን ሰዓት አይደለም። ግማሹን በክፍተቱ፣ ግማሹን አሁን ክፍል ውስጥ በሚማረው ላይ አውሉት። አለዚያ የሦስት ዓመት በፊቱን ስታስተካክሉ የዘንድሮው ያመልጠዋል።

የሚፈራ ተማሪ። ምልክቱ ቶሎ «አልችልም» ማለት፣ ፊታችሁን እያዩ መልስ መገመት ነው። ፍርሃት አእምሮ ቁጥሮቹን ይዞ የሚሠራበትን ቦታ ይሻማል። ሊሠራው በሚችለው ጥያቄ ጀምሩ፤ ሰዓት አትያዙበት። «ቀላል ነው» አትበሉት። ቢያቅተው ቀላሉ እንኳን አቃተኝ ይላል፤ ቢሠራውም ምንም አልሠራሁም ይላል።

ፈጣኑ። ይህኛው አታላይ ነው። ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ ደህና ይመስላል፤ ግን ደረጃ ይዘላል፣ ምልክት ይጥላል። ብዙ ጥያቄ አትስጡት። አንድ ጥያቄ በሁለት መንገድ ይሥራ፤ ወይም ሆን ብላችሁ ያበላሻችሁትን ሥራ ስጡትና ስህተቱን ይፈልግ። የሰው ስህተት ማደን ይወዳል፤ የራሱንም ማየት የሚለምደው በዚያ ነው።

ፎርሙላ የሚሸመድደው። ፊዚክስ ላይ ይበዛል። ጥያቄውን ሳይጨርስ «የትኛው ፎርሙላ ነው?» ይላችኋል። ቁጥሮቹን ከጥያቄው ላይ አጥፉበት። «መኪናው ፍሬን ያዘ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጣል?» ቁጥር ከሌለ የሚከተው ነገር ስለሌለው ማሰብ ይጀምራል።

ቶሎ የሚደክም ወይም ትኩረቱ የሚበተን። ሥራውን በ10 ደቂቃ ቁረጡት፤ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀምጡ፤ ቆሞ ሰሌዳ ላይ ቢሠራም ችግር የለውም።

ትልቅ ሰው። ከሥራው ጀምሩ። ወለድ የሚያሰላ ሰው ፐርሰንት ያውቃል፤ ስሙን ብቻ ነው ያላወቀው። የቤት ሥራ ስትሰጡትም ያለውን ጊዜ ጠይቃችሁ ስጡት።

4. ሰዓቱን ከፋፍሉ።

ለ60 ደቂቃ፦ 10 ደቂቃ ያለፈውን ደብተር ሳይከፈት ከትዝታ፤ 15 ደቂቃ አዲስ ነገር፤ 25 ደቂቃ ተማሪው ብቻውን የሚሠራበት፤ የመጨረሻው 10 ደቂቃ እሱ ለእናንተ የሚያስረዳበት። ለትንንሽ ልጆች ግን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በሳምንት ሁለቴ ከአንድ ረጅም ቀን ይሻላል።

የመጀመሪያዋን 10 ደቂቃ አትዝለሉ። ከትዝታ ጎትቶ ማውጣት ደብተር መልሶ ከማንበብ የበለጠ ያጸናል። በዚያ ላይ የረሳውን ወዲያው ታዩታላችሁ።

5. አዲስ ነገር ስታሳዩ እርሳሱን ቀስ በቀስ አስረክቡ።

የመጀመሪያውን ምሳሌ እናንተ ሥሩት፤ እያሰባችሁ ያለውን ድምፅ እያወጣችሁ። ሁለተኛውን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ትታችሁ ስጡት። ሦስተኛው ላይ ግማሹን ተዉ። አራተኛው የእሱ ነው። ጀማሪ በባዶ ወረቀት ሲጀምር ጉልበቱ ሁሉ መንገድ ፍለጋ ላይ ያልቃል፤ ለመማር የሚተርፈው የለም። ትንሽ ከቻለ ግን ሙሉ ምሳሌ ማየት ያደክመዋል፤ ያን ጊዜ በቀጥታ ወደ አራተኛው ሂዱ።

እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ እየጻፍኩ አስረዳለሁ፤ ልጁ «ገባኝ፣ ገባኝ» ይላል። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ጥያቄ ስሰጠው የመጀመሪያዋን መስመር እንኳን መጻፍ አልቻለም። የገባው የእኔ አሠራር ነበር።

6. ጠይቁና ዝም በሉ።

ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ክፍል ውስጥ ስትለካ፣ መምህራን ጠይቀው የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያረዝሙት የተማሪዎች መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። ለሁለት ብቻ ስትቀመጡ ዝምታው የበለጠ ይከብዳል። በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። እርሳሱ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ጭራሽ አትናገሩ።

ከዚያም ካልሆነ መልሱን ሳይሆን ትንሽ መንገድ ስጡት። «ምን ተሰጠን?»፣ «ምን ተፈለገ?»፣ «ሥዕል እንሥራለት?» እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ።

7. የሚነካ ነገር አሳዩ፤ ግን መጀመሪያ ያስገምቱ።

ለክፍልፋይ፦ ርዝመቱ 24 ሳንቲ ሜትር የሆነ የወረቀት ቁራጭ ቁረጡ። ግማሹ 12፣ ሲሶው 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ 20 ይሆናል፤ 20 ከ24 ደግሞ 5/6 ነው። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ 2/5 ያለው ተማሪ የራሱን መልስ ይለካ። 10 ሳንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ጨምረን ከግማሽ ያነሰ አገኘን ማለት ነው። እዚህ ላይ ምንም መናገር አያስፈልጋችሁም።

ለስኩዌር፦ 3 ሲደመር 4፣ በጠቅላላ ስኩዌር፣ ስንት ነው? 9 + 16 = 25 የሚል ተማሪ ካለ በካሬ ደብተሩ ላይ ጎኑ 7 የሆነ ካሬ ያሥምር። ጎኖቹን ሦስትና አራት ላይ ይክፈል። 9 ካሬዎች ያሉት አንድ ትንሽ ካሬ፣ 16 ያሉት ሌላ ካሬ፣ ከዚያ ደግሞ የተረሱ ሁለት አራት ማዕዘኖች፤ እያንዳንዳቸው 12። ጠቅላላ 49። «ሁለት ጊዜ የሁለቱ ብዜት» የምትለዋ የፎርሙላው ክፍል እነዚያ የተረሱት ሁለቱ ናቸው።

ለፊዚክስ፦ ክሩ ላይ ብሎኑን ሰቅላችሁ ፔንዱለም ሥሩ። ከላይ ከተያዘበት እስከ ብሎኑ መሐል 1 ሜትር ይሁን። ትንሽ ብቻ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ 10 ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ቁጠሩ። 20 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አሁን ጠይቁት፤ ክሩን 50 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው? አብዛኛው ተማሪ 10 ይላል። የሚወጣው 14 ገደማ ነው። 10 የሚሆነው 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ጊዜውን በግማሽ ለማሳጠር ርዝመቱ ወደ ሩብ መውረድ አለበት። ፎርሙላው ውስጥ ስኩዌር ሩት ለምን እንዳለ በእጁ ይዞት አየ ማለት ነው። አሥር ጊዜ የምንቆጥረው ደግሞ ስልኩን ስንነካ የምንዘገየው ለአሥር እንዲካፈል ነው።

ሳያስገምቱ ማሳየት ግን ትርዒት ነው። ተማሪው «አሃ» ብሎ ያልፋል፤ የቀድሞ ሐሳቡ ግን ሳይነካ ይቀመጣል።

8. ፊዚክስ ላይ ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ፦ ሥዕል፣ ዩኒት፣ ግምት፣ ከዚያ ስሌት።

መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ያዘ። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። እስኪቆም ስንት ሜትር ይሄዳል?

መኪናውን ሣሉ፤ የሚሄድበትን አቅጣጫ በአንድ ቀስት፣ የፍሬኑን ፎርስ በተቃራኒ ቀስት። ዩኒቱን አስተካክሉ፤ 72 ሺህ ሜትር ለ3,600 ሰከንድ፣ ማለትም 72 ለ3.6 ሲካፈል 20 ሜትር በሰከንድ። ፎርሙላ ሳትነኩ ጠይቁ፤ ከ20 በየሰከንዱ 5 እየቀነሰ ዜሮ ለመድረስ ስንት ሰከንድ? 4። በአማካይ በስንት ሄደ? በ10። እንግዲህ 40 ሜትር።

አሁን መኪናው በ36 ይሂድ። 10 ሜትር በሰከንድ፣ 2 ሰከንድ፣ በአማካይ 5። 10 ሜትር ብቻ! ፍጥነቱ በግማሽ ቀንሶ ርቀቱ ሩብ ሆነ። ፎርሙላውን አሁን አምጡት። ፍጥነቱ ስኩዌር ሆኖ ለምን እንደተቀመጠ ተማሪው ራሱ ይነግራችኋል።

የተሳሳተ እምነት ሲያጋጥማችሁ በክርክር አትግጠሙት። ኳሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው ካለ እንዲህ በሉት፦ «እሺ፤ በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱም ዜሮ ነው። የፍጥነት ለውጥም ከሌለ ኳሱ ምን ይሆናል?» እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው። እየሳቀ ያርመዋል። መልሱ ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፤ ሲወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ሲወርድም።

9. የቤት ሥራ ትንሽና የተደባለቀ ይሁን።

አምስት ጥያቄ ይበቃል፤ ሁለት ከዛሬው፣ ሁለት ካለፈው ሳምንት፣ አንድ ከወር በፊት። አንድ ዓይነት ጥያቄ 20 ጊዜ የሠራ ልጅ ዘዴውን መምረጥ አይለማመድም፤ ምክንያቱም ምርጫው በገጹ ርዕስ ላይ ተጽፎለታል። ፈተና ላይ ርዕስ የለም። ድብልቁ መጀመሪያ ላይ ያዘገየዋል፤ ለወላጆቹም ይህንን ቀድማችሁ ንገሩ።

10. በወጣችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት መስመር ጻፉ።

ምን ቻለ፣ የት ተሰናከለ፣ በሚቀጥለው በምን ጥያቄ እጀምራለሁ። ሁለት ተማሪ ካላችሁ እንኳን ይቀላቀልባችኋል።

ጥንቃቄ

- የኤሌክትሪክ ሙከራ በትንሽ ድንጋይ ባትሪና በትንሽ አምፖል ብቻ። የግድግዳ ሶኬት በፍጹም። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ አታገናኙ፤ ሽቦው ይግላል፣ ያቃጥላል።
- ለልጅ ስታስጠኑ በሩ ክፍት ይሁን፤ ቤት ውስጥም አዋቂ ይኑር። ለልጁም ለእናንተም ይበጃል።
- ልጁ ሁለት ቁጥር አይቶ የቱ እንደሚበልጥ ለመለየት የሚቸገር፣ ዕድሜው ገፍቶም ትንንሽ ድምሮችን በጣቱ ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ዲስካልኩሊያ (ቁጥርን የመረዳት የመማር ችግር) ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ስም አትስጡት። ለወላጆቹ ያያችሁትን ብቻ ነግራችሁ ወደ ባለሙያ ምሯቸው። እስከዚያው ተጨማሪ ጊዜና የቁጥር መስመር ስጡት።
- «ይህን ያህል ያመጣል» ብላችሁ ውጤት ቃል አትግቡ።

አስጠኚዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት የትምህርት ቤት የቤት ሥራውን አብሮ መጨረስ ነው። ነገ መምህሩ ወረቀቱን አይቶ «ገብቶታል» ይላል፤ ፈተና ላይ ግን እናንተ የላችሁም። ከቤት ሥራው አንዱን ምረጡና ቁጥሩን ቀይራችሁ አሠሩት፤ የራሱን ብቻውን ይጨርስ።

«ገባህ?» ብሎ መጠየቅም አይጠቅምም። መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። በምትኩ «ለትንሽ ወንድምህ ብታስረዳው ምን ትለዋለህ?» በሉ።

ሌላው ሦስት መንገድ በአንዴ ማሳየት ነው። አንዱ እስኪጸና ሌላውን አታምጡ። አጠቃላይ ሕግ ሳይገባ አቋራጭ መስጠትም እንደዚያው ነው፤ «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ከየት እንደመጣ አሁን ታውቃላችሁ።

ከልጁ ፊት ለወላጅ ስለ ድክመቱ መናገር የሁለት ወር ሥራ በአንድ ደቂቃ ያፈርሳል። ስልክ ደውሉ።

የመጨረሻው አለመልቀቅ ነው። ተማሪው እናንተ ሳትናገሩ ያንን ባለ ቀለም እስክሪብቶ አንሥቶ የራሱን መስመር መሰረዝ ሲጀምር፣ የሳምንቱን ሁለት ቀን ወደ አንድ አውርዱት። ወር ጠብቁና ያለ እናንተ የሠራውን ፈተና እዩ። ካልወረደ ወደ ሁለት ሳምንት አንዴ።